ቅድመ ማጉያ ሲመረጥ፦ የቤት ድምፅ መሣሪያዎችን የማስማማት ፊዚክስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ወቅት አጎቴ ከቁም ሣጥናቸው አናት ላይ ለረጅም ዘመን አቧራ ሲጠጣ የኖረውን የሸክላ ማጫወቻ አወረዱ። ከማጫወቻው ጋር ስልሳ ያህል ሸክላዎች ነበሩ። አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትናንሾቹ ሲሆኑ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው የአምሃ ሪከርድስ ኅትመቶችም ይገኙባቸዋል። አጎቴ ማጫወቻውን ከኃይል ማጉያቸው ጋር አገናኝተው መርፌውን በሸክላው ላይ ሲያሳርፉ የሰሙት ግን በወጣትነታቸው የሚያውቁትን ድምፅ አልነበረም። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል፤ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ጨርሶ ጠፍቷል፤ የቀረችው ጥቂት ድምፅም ቀጭንና ጆሮ የምትበሳ ናት።

በመጀመሪያ «መርፌው አልቋል» ተባለ፤ መርፌው ተለወጠ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ቀጥሎ «ቅድመ ማጉያ ያስፈልገዋል» የሚል ምክር ተሰጠ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ሙሉ አልነበረም። በዋሽንግተን የምትኖረው ልጃቸው በቫልቭ የሚሠራ፣ ዋጋው የከበደ፣ መልኩም ዓይን የሚማርክ ቅድመ ማጉያ ላከችላቸው። መሣሪያው ተገጠመ፤ ድምፁም በእርግጥ ጎላ። ነገር ግን ቀድሞ ደካማና ቀጭን የነበረው ድምፅ አሁን ጎልቶ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ሆነ፤ በላዩም ላይ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ተጨመረበት። አጎቴም «እንግዲህ ሸክላዎቹ ራሳቸው አልቀዋል፤ ለሚፈልጋቸው ሰው እሰጣቸዋለሁ» ከሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ።

ሸክላዎቹ ግን አላለቁም ነበር። በወቅቱ የፊዚክስ ተማሪ የነበረው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመሣሪያዎቹን መመሪያዎች ሰብስቦ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ ችግሩ ያለው በመሣሪያዎቹ መካከል ባለው አለመጣጣም መሆኑን ተረዳ። በዚህ ጽሑፍ ቅድመ ማጉያ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስፈልግና ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚስማማው እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን። ለዚህም የሚያስፈልገን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ጥቂት ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ለመሆኑ ቅድመ ማጉያ ምንድን ነው?

አንድ የቤት ድምፅ መሣሪያ በመሠረቱ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ምንጩ ነው፤ ይኸውም የሸክላ ማጫወቻ፣ የሲዲ ማጫወቻ፣ የካሴት ቴፕ ወይም ኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው የኤሌክትሪክ ሲግናሉን ወደ አየር ንዝረት የሚለውጠው ስፒከር ነው። በመካከላቸው የሚገኘው ማጉያ ሲሆን፣ እርሱም በሁለት ይከፈላል። ስፒከሩን ለመግፋት የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ከረንት የሚያቀርበው «የኃይል ማጉያ» ይባላል። ከእርሱ በፊት ተቀምጦ ሲግናሉን የሚያዘጋጅለት ደግሞ ፕሪአምፕሊፋየር ወይም ቅድመ ማጉያ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣምረው ስለሚሸጡ ልዩነታቸው ለዓይን አይታይም።

ቅድመ ማጉያ ሦስት ተግባራትን ያከናውናል። አንደኛ፣ ከተለያዩ ምንጮች አንዱን ለመምረጥ ያስችላል። ሁለተኛ፣ የድምፁን መጠን በማዞሪያ ይቆጣጠራል። ሦስተኛ፣ ደካማውን ሲግናል የኃይል ማጉያው ወደሚፈልገው ደረጃ ያደርሰዋል። ይህ ሦስተኛው ተግባር ነው ሰዎችን የሚያሳስተው፤ ምክንያቱም «ደካማ ሲግናል» ማለት ከምንጭ ወደ ምንጭ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ቮልቴጅ ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚነግረንን መጠን «ጌይን» እያልን እንጠራዋለን። ጌይን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በዴሲቤል ነው። 6 ዴሲቤል ቮልቴጅን ወደ 2 እጥፍ፣ 20 ዴሲቤል 10 እጥፍ፣ 40 ዴሲቤል 100 እጥፍ፣ 60 ዴሲቤል ደግሞ 1000 እጥፍ ያደርሰዋል። አንባቢ እነዚህን አራት ቁጥሮች ቢይዝ የቀረውን ለመከታተል አይቸገርም።

በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?

ከመግዛት በፊት የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ሳይሆን «ያስፈልገኛል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ለምሳሌ በ8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት የሚሰጥ የኃይል ማጉያ እንውሰድ። ኃይል የቮልቴጅ ካሬ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ስለሆነ፣ 50 ዋት ለመስጠት በስፒከሩ ጫፍ ላይ 20 ቮልት ያስፈልጋል። ማጉያው 20 እጥፍ፣ ማለትም 26 ዴሲቤል ያህል የሚያጎላ ከሆነ፣ ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት የሚፈልገው 1 ቮልት ብቻ ነው። ይህ ቁጥር በመመሪያው ላይ «የግብዓት ሴንሲቲቪቲ» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ወደ ምንጩ እንመለስ። አንድ የተለመደ የሲዲ ማጫወቻ በከፍተኛው ደረጃ 2 ቮልት ያህል ያወጣል። የኃይል ማጉያችን ግን ከ1 ቮልት በላይ አይፈልግም። እንግዲህ ሲግናሉ ገና ከመነሻው ከሚፈለገው በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ከሲዲ በቀር ሌላ ምንጭ የሌለው ሰው የሚያስፈልገው ማጉላት ሳይሆን መቀነስ ነው።

ይህ ሰው 20 ዴሲቤል ጌይን ያለው ቅድመ ማጉያ ቢገዛ ምን ይገጥመዋል? ሁለቱ ቮልት ወደ 20 ቮልት ለማደግ ይቃጣቸዋል። ወደ 1 ቮልት ለመመለስ ማዞሪያው ሲግናሉን በ26 ዴሲቤል መቀነስ ይኖርበታል። ያውም ይህ ማጉያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው። በአንድ ተራ ክፍል ውስጥ በ1 ዋት ለሚያዳምጥ ሰው ቅናሹ 43 ዴሲቤል ይደርሳል። ስለዚህ ማዞሪያው ዘወትር ከመነሻው አጠገብ ተወስኖ ይቀራል። ጥቂት ሲነኩት ድምፁ ይጮኻል፤ ጥቂት ሲመልሱት ይጠፋል። ከዚህም በላይ በብዙ ማዞሪያዎች ውስጥ የግራና የቀኝ ሬዚስተሮች በመነሻው አካባቢ እኩል ስለማይሆኑ ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። እንዲህ ላለው ሥርዓት ጌይኑ ከ0 እስከ 10 ዴሲቤል የሆነ ቅድመ ማጉያ ይበቃዋል።

ሸክላ፦ ቅድመ ማጉያ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ

የሸክላ ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። በብዙ ማጫወቻዎች ላይ ከመርፌው ጋር አንዲት ትንሽ ማግኔት ተያይዛ፣ ከአጠገቧ ባለው ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ትፈጥራለች። ይህ ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው የኤሌክትሮማግኔት ሕግ ነው። መርፌውንና ይህን ክፍል የያዘው አካል «ካርትሪጅ» ይባላል። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ካርትሪጅ በተለመደው የመለኪያ ደረጃ ከ3 እስከ 6 ሚሊቮልት ያህል ያወጣል። በተቃራኒው ጥቅልሉ ራሱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነትም አለ። በዚህኛው ጥቅልሉ ቀላል እንዲሆን ጥቂት ዙር ሽቦ ብቻ ስለሚጠመጠምበት፣ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት አይበልጥም።

የአጎቴን ሁኔታ በዚህ መሠረት እናስላ። ካርትሪጃቸው 5 ሚሊቮልት ያወጣል፤ የኃይል ማጉያቸው 1 ቮልት ይጠብቃል። ከሚጠበቀው ቮልቴጅ ሁለት መቶኛው ክፍል ብቻ ደረሰ ማለት ነው። ኃይል የቮልቴጅ ካሬ ስለሆነ፣ ከ50 ዋቱ ለስፒከሩ የደረሰው አንድ አርባ ሺህኛው፣ ማለትም 1.25 ሚሊዋት ያህል ነው። ዘፋኙ ከጉድጓድ የሚጣራ የመሰለው ለዚህ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው መሣሪያ ቮልቴጁን 10 እጥፍ ሲያደርገው ኃይሉ 100 እጥፍ አደገ፤ ድምፁም ጎላ። ነገር ግን ማግኔቱ ለሚንቀሳቀስበት ካርትሪጅ የሚያስፈልገው ወደ 40 ዴሲቤል፣ ጥቅልሉ ለሚንቀሳቀስበት ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል ነው። የጎደለው ግን ጌይን ብቻ አልነበረም።

ሸክላ ሲቀረጽ ድምፁ እንዳለ አይቀረጽም። ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ በሙሉ ጉልበቱ ቢቀረጽ የመቅረጫው ስለት ወደ ግራና ቀኝ እጅግ ርቆ ስለሚወዛወዝ ቦዮቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ሸክላው የሚይዘው የደቂቃ መጠንም ያንሳል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንዳለ ቢቀረጽ በሸክላው ገጽ የመፋተግ ድምፅ ይዋጣል። በመሆኑም በቀረጻ ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ይጨመራል። በማጫወቻ ጊዜ ይህን በትክክል መገልበጥ ያስፈልጋል። ቀድሞ እያንዳንዱ አሳታሚ የየራሱ መጠን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1954 ግን የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር አንድ ወጥ መለኪያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህም መለኪያው በዓለም ዙሪያ ተለመደ። በማኅበሩ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል «አር.አይ.ኤ.ኤ.» ተብሎ ይጠራል።

መለኪያው በ1000 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ እንደ መነሻ ይወስዳል። ከዚህ አንጻር በማጫወቻ ጊዜ 20 ኸርዝ በ19.3 ዴሲቤል ይጨመራል፤ 20000 ኸርዝ በ19.6 ዴሲቤል ይቀነሳል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 39 ዴሲቤል፣ ማለትም በቮልቴጅ 88 እጥፍ ያህል ነው። ይህን የማስተካከያ ሥራ የሚሠራው የሸክላ ቅድመ ማጉያ ነው። አጎቴ የተላከላቸው ግን ለሲዲና ለካሴት የተዘጋጀ፣ ይህ ማስተካከያ የሌለው መሣሪያ ነበር። ሁለቱም «ቅድመ ማጉያ» ተብለው ይጠራሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። የቤዝ ጊታሩ መጥፋትና የጸናጽሉ መጮኽ የሸክላው እርጅና ሳይሆን፣ ያልተገለበጠው የቀረጻ ሕግ ውጤት ነበር። ዛሬ ከአሮጌ ሸክላዎች ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጡ ዘፈኖችም ይህ ማስተካከያ ካልተደረገላቸው በዚሁ መልክ ይቀራሉ፤ የሚሰማቸውም ወጣት «የድሮ ቀረጻ ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ያልፋቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። አንደኛ፣ እንደ ሻንጣ የሚከደኑ አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች በሴራሚክ የሚሠራ ካርትሪጅ አላቸው። ይህ ዓይነት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ስለሚያወጣና ባሕርዩ ራሱ ወደ ማስተካከያው ስለሚቀርብ የሸክላ ቅድመ ማጉያ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ በርካታ ዘመናዊ ማጫወቻዎች የሸክላ ቅድመ ማጉያው በውስጣቸው ተሠርቶላቸው ከኋላ በማብሪያ ማጥፊያ ይመረጣል። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ ከሌላ የሸክላ ቅድመ ማጉያ ጋር ማገናኘት ማስተካከያውን ሁለት ጊዜ መፈጸም ነው። ውጤቱም ወፍራሙ ከልክ ያለፈ፣ የታፈነና የተሰባበረ ድምፅ ይሆናል።

ኢምፒዳንስ፦ ሰጪና ተቀባይ ሲገናኙ

ጌይን ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ይጣጣማሉ ወይ የሚለው ነው። ማንኛውም መሣሪያ ሲግናል ሲሰጥ በውስጡ የራሱ ሬዚስታንስ እንዳለበት ያህል ይሠራል፤ ይህ የውጪ ኢምፒዳንስ ይባላል። ተቀባዩ ደግሞ የግብዓት ኢምፒዳንስ አለው። ሁለቱ በተከታታይ የተያያዙ ሬዚስተሮች ስለሆኑ ቮልቴጁን ይካፈሉታል። የተቀባዩ ቁጥር በበለጠ ቁጥር የሚደርሰው ሲግናል ይበዛል። የተለመደው መመሪያ የተቀባዩ ኢምፒዳንስ ከሰጪው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን ይላል።

የአጎቴ የቫልቭ መሣሪያ የውጪ ኢምፒዳንስ 2000 ኦም፣ የኃይል ማጉያቸው የግብዓት ኢምፒዳንስ 10000 ኦም ነበር። ጥምርታው 5 ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሲግናሉ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል፤ በዴሲቤል 1.6 ያህል ማለት ነው። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ ማዞሪያውን ጥቂት በመጨመር ይካካሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ቅናሹ ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው።

የቫልቭ መሣሪያ በውስጡ ያለው ከፍተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ወደ ተከታዩ መሣሪያ እንዳያልፍ በውጪው ላይ ካፓሲተር ይደረግበታል። ይህ ካፓሲተር ከተቀባዩ ኢምፒዳንስ ጋር ተጣምሮ ወፍራም ድምፅን የሚቆርጥ ማጣሪያ ይሆናል። የመቁረጫው ፍሪኩዌንሲ 1 ለ2π፣ ለሬዚስታንስና ለካፓሲታንስ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ካፓሲተሩ 0.22 ማይክሮፋራድ ቢሆንና ተቀባዩ 100000 ኦም ቢኖረው መቁረጫው 7 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ከመስማት ወሰን በታች ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ተቀባዩ 10000 ኦም ሲሆን ግን መቁረጫው ወደ 60 ኸርዝ ያድጋል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር የሚርገበገበው በ41 ኸርዝ ገደማ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ከራሱ ዘመን የቫልቭ ኃይል ማጉያ ጋር በሚገባ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ከትራንዚስተሩ ማጉያ ጋር ሲጣመር የዜማውን መሠረት ይሸረሽራል። ሁለቱም መሣሪያዎች ጤነኛ ናቸው፤ ጥምረታቸው ግን ጤነኛ አይደለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ የሚጎዳበት ሁኔታ አለ። አንዳንዶች «የሚያጎላ ነገር ካላስፈለገ» በማለት ማዞሪያ ብቻ ያለበትን፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መሣሪያ ይመርጣሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ርካሽና ኖይዝ የማይጨምርም ነው። ይሁንና 50000 ኦም የሆነ ማዞሪያ ቮልቴጁን ለሁለት እኩል በሚከፍልበት ቦታ ላይ የውጪ ኢምፒዳንሱ 12500 ኦም ይደርሳል። ገመዱ ረጅም ሆኖ ካፓሲታንሱ 1000 ፒኮፋራድ ቢሞላ መቁረጫው 12700 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ የጸናጽሉ ጥራት ይደበዝዛል ማለት ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ዝቅተኛ ኦም ያለው ማዞሪያና ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ገመድ ይጠቀም።

በሸክላ ካርትሪጅም ላይ ይኸው ሕግ ይሠራል። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ 47000 ኦም ተቀባይ ይፈልጋል። ጥቅልሉ 0.5 ሄንሪ ኢንደክታንስ ቢኖረውና የገመዱና የመሣሪያው ካፓሲታንስ በድምሩ 250 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ ሁለቱ በ14200 ኸርዝ አካባቢ ይስተጋባሉ። ካፓሲታንሱ ወደ 350 ቢያድግ ማስተጋቢያው ወደ 12000 ይወርዳል፤ የድምፁም ባሕርይ ይለወጣል። ከማጫወቻው እስከ ሸክላ ቅድመ ማጉያው ያለው ገመድ አጭር እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው።

ኖይዝ፦ የማይፈለገው እንግዳ

አጎቴን ያስመረረው «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል? በማንኛውም ሽቦና ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ያለ ሥርዓት ይንቀሳቀሳሉ፤ እንቅስቃሴያቸውም ጥቃቅን ቮልቴጅ ይፈጥራል። ይህን ጆንሰንና ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928 በሙከራና በሒሳብ አሳይተዋል። አንድ የ1000 ኦም ሬዚስተር በክፍል ሙቀት፣ ከ0 እስከ 20000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ወደ 0.58 ማይክሮቮልት ያመነጫል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ከ5 ሚሊቮልት ሲግናል ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ 79 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህንንም የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የትኛውም ፋብሪካ ሊያሻሽለው አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር፣ ኖይዝን የሚወስነው በዋናነት የመጀመሪያው ደረጃ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የገባው ኖይዝ ከሲግናሉ ጋር አብሮ እየጎላ ይሄዳል፤ በኋላ የሚመጣ ምንም ዓይነት ውድ መሣሪያ ሊለየው አይችልም። ለደካማው የካርትሪጅ ሲግናል ታስቦ ባልተሠራ መሣሪያ 5 ሚሊቮልትን ማጉላት ኖይዙንም አብሮ ማጉላት ነው። የአር.አይ.ኤ.ኤ. ማስተካከያም ቀጭኑን ድምፅ ሲቀንስ ይህን «ሽሽታ» አብሮ ስለሚቀንስ፣ አለመኖሩ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል።

መመሪያውን ስናነብ እንዴት እንመዝነው? አንድ ቅድመ ማጉያ በውጪው 100 ማይክሮቮልት ኖይዝ ቢኖረው፣ 20 እጥፍ በሚያጎላው የኃይል ማጉያ ወደ 2 ሚሊቮልት ያድጋል። በ8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ ግማሽ ማይክሮዋት ነው። ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ ኖይዙ 25 ዴሲቤል ያህል ይሆናል፤ ጸጥ ባለ ሌሊት ወደ ስፒከሩ ለተጠጋ ሰው ይሰማል። ኖይዙ 20 ማይክሮቮልት ቢሆን ግን ወደ 11 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ይህን በተራ ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው አይኖርም። ከዚህ በታች ለሚገኝ እያንዳንዱ ቅናሽ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለጆሮ ሳይሆን ለወረቀት መክፈል ነው።

ቫልቭ ወይስ ትራንዚስተር?

ይህ ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ መልሱ ግን ክርክሩን ያህል ረጅም አይደለም። ድምፅን ማጉላት የተቻለው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 በሠራው ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቫልቭ ነው። ትራንዚስተር የተፈለሰፈው ደግሞ በ1947 መጨረሻ ነው። የቫልቭ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ የውጪ ኢምፒዳንስ አላቸው፤ የሚጨምሩት መዛባትም ለጆሮ ለስላሳ የሚመስል ዓይነት ስለሆነ ወዳጆች አሏቸው። የትራንዚስተር መሣሪያዎች የውጪ ኢምፒዳንሳቸው ዝቅተኛ፣ መዛባታቸውም አነስተኛ ሲሆን፣ ከብዙ ዓይነት ማጉያዎች ጋር ያለ ችግር ይስማማሉ። ምርጫው የጣዕም ነው። ማጣጣሙ ግን ለሁለቱም ግዴታ ነው።

ኤሌክትሪኩና የመሬት ሽቦው

በአገራችን የሚደርሰን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የሚላክ መሣሪያ ግን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ እንዲሠራ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈው መነበብ አለበት። ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ያወርደዋል፤ ፍሪኩዌንሲውን ግን አይለውጠውም። ይህ ለቅድመ ማጉያ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ሞተሩ ፍጥነቱን ከኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ ለሚወስድ የሸክላ ማጫወቻ ግን ወሳኝ ነው፤ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የሚገባው በ27.8 ዙር ይዞራል፤ ዘፋኙም ከሦስት ሴሚቶን በላይ ወርዶ ይዘፍናል።

«እምምም» የሚል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከተሰማ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ የ50 ኸርዙ ኤሌክትሪክ ነው። ከማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን የመሬት ሽቦ ከቅድመ ማጉያው ብሎን ጋር መታሰሯን መመርመር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሲግናል ገመዱን ከኤሌክትሪክ ገመድና ከትራንስፎርመር ማራቅም ይረዳል።

ከመግዛት በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉትን በወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል።

1. ምንጮቼ የትኞቹ ናቸው? ሸክላ አለበት ወይ? ካለ፣ ካርትሪጁ ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ሚሊቮልት ያወጣል?

2. ማጫወቻው ወይም አሁን ያለኝ ማጉያ የሸክላ ቅድመ ማጉያ በውስጡ አለው ወይ? «ፎኖ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ግብዓት ካለ ሌላ መግዛት አያስፈልግ ይሆናል።

3. የኃይል ማጉያዬ ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት ስንት ቮልት ይፈልጋል? ይህን ለምንጩ ቮልቴጅ ሳካፍል የሚገኘው የሚያስፈልገኝ ጌይን ነው።

4. የኃይል ማጉያዬ የግብዓት ኢምፒዳንስ ልገዛው ካሰብሁት ቅድመ ማጉያ የውጪ ኢምፒዳንስ ቢያንስ 10 እጥፍ ነው ወይ?

5. የኖይዙ መጠን በእኔ ስፒከር ላይ የሚሰማ ነው ወይ?

6. መሣሪያው በስንት ቮልት ይሠራል?

ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ መልኩ፣ ስሙና ዋጋው ሊነሡ ይችላሉ።

የአጎቴ ሸክላዎች

ለአጎቴ የተገኘው መፍትሔ ከላይ ባሉት ጥያቄዎች ቅደም ተከተል የመጣ ነው። ዋጋዋ ከቫልቩ መሣሪያ አንድ አሥረኛ የማይሞላ፣ 40 ዴሲቤል ጌይንና የአር.አይ.ኤ.ኤ. ማስተካከያ ያላት ትንሽ የሸክላ ቅድመ ማጉያ በማጫወቻውና በቫልቩ መሣሪያ መካከል ገባች። እርሷ 5 ሚሊቮልቱን ግማሽ ቮልት ታደርገዋለች፤ ቀሪውን እጥፍ የቫልቩ መሣሪያ ያለ ችግር ይጨምረዋል። በውጪው ላይ የነበረውን 0.22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም አንድ ልምድ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በ2.2 ለወጠው፤ መቁረጫውም ከ60 ወደ 6 ኸርዝ ወረደ። በቫልቭ መሣሪያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚኖርና መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን ሥራ ተማሪዎች ያለ ባለሙያ እንዳይሞክሩት አደራ እንላለን።

የመጀመሪያው ሸክላ ሲነሣ አጎቴ እስከ መጨረሻው ምንም አልተናገሩም። መርፌው ከሸክላው ሲወርድ «እስቲ ድገመው፣ ልጄ» አሉ። ደገምነው። ሦስተኛው ላይ ግን የዘፈኑን ቤዝ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየመቱ፣ ክራሩን ማን እንደሚጫወት፣ ሸክላውን ከየት እንደገዙት ይነግሩኝ ጀመር። ስልሳዎቹ ሸክላዎች ለማንም አልተሰጡም።

ውድ አንባብያን፣ በየቤቱ በሣጥን ውስጥ የተቀመጡ እንዲህ ያሉ ሸክላዎች ጥቂት አይደሉም። የአያትዎን ወይም የአባትዎን ሸክላ «አልቋል» ብለው ከመስጠትዎ ወይም ከመጣልዎ በፊት፣ በመርፌውና በስፒከሩ መካከል ያለውን መንገድ በቁጥር ይፈትሹ። ምናልባት የጠፋው ድምፁ ሳይሆን፣ 40 ዴሲቤልና አንድ ማስተካከያ ብቻ ሊሆን ይችላልና።